ለሬይ ዶልተን ያልተሰጠው ድምፅ

ሰናይት አሜሪካ፣ አፐር አርሊንግተን በምትባል ከተማ ውስጥ ሚስተር ኬለር የሚባሉ ጡረተኛ የስፖርት ጋዜጠኛ ትንከባከባለች። ዓይናቸው ስለደከመ ጋዜጣ የምታነብላቸው እሷ ናት፤ ኳስ በዱላ የሚመታበትን የቤዝቦል ጨዋታም ያወቀችው በዚሁ ነው።

ሽማግሌው ታላላቅ ተጫዋቾች በክብር ለሚሰፍሩበት ሆል ኦፍ ፌም ድምፅ ይሰጣሉ። ዘንድሮ ከዕጩዎቹ አንዱ ሰዉ ሁሉ የሚወደው የቀድሞ መቺ ሬይ ዶልተን ነበር። ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቻቸው መጥተው ስለ እሱ ተከራከሩ።

“እንደ እሱ የመታ ማን አለ?” አለ አንዱ።

“አሥር ዓመት ብቻ! ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ፤ አይበቃም” አለ ሌላው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሚስተር ኬለር “አንቺስ ምን ትያለሽ?” አሏት።

“እኔ ሲጫወት እንኳ አላየሁትም።”

“ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። እኛ እንወደዋለን።”

ሰናይት ጨነቃት። ስታነብላቸው የከረመችውን የተጫዋቾች ውጤት አሰበች። “እንዳይከፋዎት እንጂ፣ ከዚህ በፊት የገቡት ከእሱ የበለጠ መትተዋል።”

ሚስተር ኬለር የዶልተንን የመጨረሻ ጨዋታ እያለቀሱ የዘገቡ ሰው ናቸው። እንድትሞላላቸው የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አቀበሏትና “ስሙን እለፊው” አሏት። አለፈችው፤ አስፈርማቸውም ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትታ አሸገች።

በማግስቱ የዶልተን ደጋፊ የሆነው ጓደኛቸው ደውሎ፣ ድምፅ እንዳልሰጡት ሲነግሩት ቢቆጣ፣ “የወሰንኩት እኔ ነኝ” ሲሉት ሰማች።