የኤውፌሚያ ብልቃጦች

ኤውፌሚያ በኪብዶ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ብልቃጥ ማጠብ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እያንዳንዱን በተጣራ ውኃ ሦስት ጊዜ ታለቀልቅና ወደ መስኮቱ አዙራ ታየዋለች። የፀጉር ያህል እድፍ ከታያት እንደገና ትጀምራለች።

ዶክተር ሬንቴሪያ በብልቃጦቹ የምትሠራው ነገር ኤውፌሚያን ሁልጊዜ ይገርማታል። የቦሮሆ ፍሬ ልጣጭ በተዘጋ ብረት ዕቃ ታበስላለች፤ ከአቧራ የደቀቀ ካርቦን ይወጣል። ካርቦኑ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሐምራዊ መብራት ሲበራበት ሰማያዊ ያበራል። ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ሽንት ጠብ ሲልበት ግን ይደበዝዛል።

አንድ ማክሰኞ አንደኛው ብልቃጥ ጭልም አለ። በውስጡ ያለው የኤውፌሚያ እህት ልጅ የዮርላዲስ ሽንት ነበር። ዮርላዲስ ከወንዝ ዳር መንደር የምትኖር ወርቅ አጣቢ ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ።

«ይህን ያህል ከሆነማ ነገውኑ ከመንደሯ ወጥታ ሜዴሊን ከተማ ሆስፒታል ትተኛ» አለች ዶክተሯ።

ኤውፌሚያ ሽንቱ የመጣበትን ጠርሙስ አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከሥሩ ቀጭን ጥቁር አሸዋ ተኝቷል። ለዮርላዲስ ስልክ ደወለች።

«ዮርላ፣ ጠርሙሱን አጥበሽዋል እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው አክስቴ! ሳላጥብ ለዶክተር ልላክ? ያሳደገችኝ እኮ እህትሽ ናት!»

«በምን አጠብሽው?»

«በገበታው ነዋ!»

ገበታው ወርቁን ከሜርኩሪ ጋር የምታሽበት የእንጨት ገበታ ነው። በእነሱ መንደር ያልታጠበ ዕቃ ለሰው መስጠት ነውር ነው፤ ኤውፌሚያም ያደገችው በዚሁ ነው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን የታመመው ጠርሙሱ ይመስለኛል» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

ዶክተሯ ነገሩን ሰምታ ግንባሯን ያዘች። «ስንት ዓመት ተምሬ ይህን አልጠየቅሁም! እትዬ፣ አንቺ ራስሽ ሄደሽ እንደገና አምጪልኝ።»

በማግስቱ ኤውፌሚያ ወደ ዮርላዲስ በጀልባ ሁለት ሰዓት ተጓዘች፤ ራሷ አጥባ የከደነችውን ብልቃጥ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ።

«ሳላለቀልቀው? ሰው ምን ይለኛል?» አለች ዮርላዲስ።

«ሽንት ነው የምትሰጪው እንጂ ምሳ አይደለም!»

ማታውኑ ላቦራቶሪው ውስጥ ሐምራዊው መብራት በራ። ሰማያዊው ትንሽ ደብዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም።

«ጥቂት አለባት፤ ከገበታው ትራቅ፣ እየተመላለሰች ትመርመር። ከቤቷ መውጣት ግን አያስፈልጋትም» አለች ዶክተሯ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዙ የሚላክ ብልቃጥ ሁሉ በኤውፌሚያ ጠማማ ጽሕፈት አንድ ወረቀት ይለጠፍበታል፦ «አታጥቡት። እኔ አጥቤዋለሁ።»