በየዓመቱ የሚቀባው ግድግዳ

ማርች 8 ቀን 1999፣ ሰኞ። በሚሪየል አስኪው የማድቤት ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት ቀርቷል። «1995 ሰማያዊ፣ 1997 ቢጫ፣ 1998 ሰማያዊ» ይላል። ከ1996 ፊት ለፊት ግን ባዶ ነው። የዚያን ዓመት ፎቶ ገና አላገኘችም፤ ያላየችውን ደግሞ አትጽፍም። ቀትር ላይ ልቧ ቆመ፤ ቦታው ባዶውን ቀረ።

ሚሪየል በኬንዳል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት ፎቶግራፎችን መዝግባለች። ፎቶ ሲሰጧት መጀመሪያ ቀኑና ቦታው የሚጻፍበትን ጀርባውን ነበር የምታየው። ባል አላገባችም፤ የሟች እህቷን ልጅ ብራየኒን አሳደገች።

ብራየኒ ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት፣ እንደ እኩዮቿ፣ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ልታሳልፍ ቆርጣለች። ምርጫዋ ሁለት ነው፤ ወይ በአንድ ድርጅት በኩል ታንዛኒያ ሄዳ የገጠር ትምህርት ቤት መቀባት፣ ወይ ኒውዚላንድ ለበግ ሸላቾች ምግብ ማብሰል። ልቧ መጀመሪያ ወደ ታንዛኒያ አድልቶ ነበር። መልሷን እስከ ማርች 5፣ አርብ፣ ማሳወቅ ነበረባት።

«እዚህ የድርጅቱ ማስታወቂያ ላይ የሚስቁት ልጆች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዩት» አለች ሚሪየል። «ማነው ሳቁ የሚላቸው?»

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ ፖስተኛውንም ትጠረጥሪያለሽ።»

«ፖስተኛው ሁለት ደብዳቤ አጥፍቶብኛል። ይኼ መጠርጠር ሳይሆን ማስታወስ ነው።»

ከባሕር ማዶ የተመለሰ ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፎቶዎቹን በስላይድ፣ ብርሃን በሚያሳልፉ ትንንሽ ፊልሞች፣ ሸራ ላይ ያሳያል፤ የሰፈሩ ወግ ነው። ሰው ሻዩን ይጠጣል፣ ያጨበጭባል፤ መጠየቅ ግን ነውር ነው። በፌብሩዋሪ የጎረቤት ልጅ ጃይልስ ተራው ደርሶ ታንዛኒያ ሄዶ የቀባውን ሰማያዊ ግድግዳ ሲያሳይ፣ ሚሪየል ሲኒዋን አስቀመጠች። ከመስኮቱ በታች ያለውን ሹካ መሳይ ስንጥቅ ታውቀዋለች። ካቻምና በሌላ ልጅ ስላይድ ላይ አይታዋለች፤ ያኔ ግድግዳው ቢጫ ነበር።

ጃይልስን በሩ ላይ ያዘችው።

«ስትደርሱ ግድግዳው ቆሽሾ ነበር?»

«ኧረ ንጹሕ ነበር፣ ወይዘሪት አስኪው።»

«ታዲያ ለምን ቀባችሁት?»

የጃይልስ ጆሮ ቀላ። «እኔም ጠይቄ ነበር። ‘ቀለሙ እኮ ተገዝቷል’ አሉን።»

ከየቤቱ ስላይድ ተዋሰች፤ የየዓመቱን የግድግዳ ቀለም ወረቀት ላይ አሰፈረች። ይሁንና ከሰው ሁሉ አብልጣ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ስንጥቁን ያየው ዐይኗ ነው፣ ወይስ ልጅቷ እንዳትሄድባት የሚፈልገው ሆዷ? ስለዚህ «አትሂጂ» አላለችም። ሐሙስ ዕለት ሦስቱን ስላይዶች ብራየኒ ፊት ደርድራ ጓሮ ወጣች።

ስትመለስ ብራየኒ የመጨረሻውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አገኘቻት።

«ስንጥቁን እንኳ አልደፈኑትም» አለች ልጅቷ።

«ከደፈኑትማ ለከርሞ ምን ይቀባል?»

«እና እዚሁ ቅሪ ነው የምትይኝ?»

ሚሪየል ስላይዶቹን ሰበሰበች። «በግ የሚሸልት ሰው ይርበዋል» አለች። «እሱ ውሸት የለውም።»

ልጅቷ ኒውዚላንድን መረጠች። የ1996 መስመር ግን አሁንም ባዶ ስለሆነ ሚሪየል ወረቀቱን አላነሣችውም።

በዚያው ሰኞ፣ ማርች 8 ጠዋት፣ ብራየኒ ወደ ትምህርት ቤት ስትሮጥ የፓስፖርት ማመልከቻዋን ትታላት ሄደች። ሚሪየል ከማመልከቻው ጋር ያሉትን ጉርድ ፎቶዎች ገልብጣ ጀርባቸውን አየች፣ ፖስታውን አሸገች፣ ካፖርቷን ለብሳ ፖስታ ቤት ሄደች። አስመዘነች፤ የተላከበትን ማስረጃም ጠየቀች።

«ይደርሳል እኮ፣ ወይዘሪት አስኪው» አለቻት ሠራተኛዋ።

«ይድረስ፤ ደረሰኙን ግን ስጪኝ» አለች። ማኅተሙ ላይ ቀኑን አነበበች፣ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው።