ስልኳ በእኔ ኪስ የዋለበት ቀን

ይህ ነገር ከደረሰ ገና ዓመት አልሞላውም። ለሰው ላወራው ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ አቋርጬዋለሁ። አሁን የምጽፈው ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው። እንደ እኔ «ለእሷ ብዬ ነው» የሚል ሰው ቢያነበው ደግሞ ሳይጠቅመው አይቀርም።

የምሠራው እዚህ ባሕር ማዶ፣ አርሊንግተን ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጋሽ ታደሰ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤታቸው ውስጥ፣ ቲያትር እንለማመዳለን። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሌሎቻችን ታክሲ ነጂ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ እንዲህ እንዲህ ነን። ተዋናይ ነኝ ብሎ ግብር የሚከፍል ከመሀላችን የለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ጋሽ ታደሰ ከሟች አጎታቸው ሻንጣ ውስጥ በታይፕ የተመታ ጽሑፍ አገኙ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዜማ የሚባል አስቂኝ ድራማ ነው፤ ፈረንጆቹ ኮሚክ ኦፔራ የሚሉት ዓይነት። ድሮ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ታይቶ በዚያው የጠፋ ነው። ግጥሙ ተገኘ እንጂ ዜማው የለም፤ የሚያስታውሰው ሰውም አላገኘንም። ስለዚህ ኪቦርድ የሚጫወተው ዮናስ አዲስ ሙዚቃ ሊሠራለት ተነሳ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ቆንቋና ሀብታም፣ ማን ከልቡ እንደሚያለቅስለት ለማየት የሞተ መስሎ ይተኛል። ሟቹ እኔ ነኝ። ቃል አልያዝ ስለሚለኝ ግማሹን ቲያትር በነጠላ ተሸፍኜ እንዳሳልፍ ተፈረደብኝ። ሚስቴ ሆና ሙሾ የምታወርድብኝ ዘነበች ናት። እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፤ ሥራዋ ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ነው።

ዮናስ ሁሉንም ዘፈን ሠርቶ ሙሾው ላይ ሲደርስ ቢሞክር ቢሞክር አልሆነለትም። አንድ እሁድ ዘነበች «ቆይ፣ እማዬን ኮል ላድርጋት» አለችና ስልኳን ስፒከር ላይ አደረገችው። እናቷ ጎጃም ውስጥ በአገሩ የታወቁ አልቃሽ ናቸው። የምንፈልገውን ሲሰሙ ሳቃቸው ቤዝመንቱን ሞላው።

«ሟቹ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ደህና አድርገህ ሙት። ዜማዬን ለአጉል ሬሳ አልሰጥም።»

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወረዱት። ማናችንም አልሳቅንም። ዮናስ ቀዳውና፣ የሀብታሙ ሚስት ሙሾ በእሳቸው ዜማ ሆነ፦

አንተ ከሞትክ ወዲያ ማን ይቆልፍ ጓዳ፣
ሽሮ በማንኪያ ሰፍሮ ማን ይመልስ እንግዳ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘነበች ስትደውልላቸው «ሬሳው እንዴት ነው?» ብለው ስለ እኔ ይጠይቋት ነበር።

የመጀመሪያው ትርኢት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ትርኢት ሲኖረን መድረክ ላይ ስልክ እንዳይጮህ ሁላችንም ስልካችንን አንድ ዘንቢል ውስጥ እናስቀምጣለን። የዘንቢሉ ጠባቂ እኔ ነኝ። ሕዝቡ እየገባ ሳለ የእኔ ስልክ ጠራ። በርክ ከተማ የሚኖረው የዘነበች ታላቅ ወንድም ነው።

«ግርማ፣ እማዬ አርፋለች» አለኝ። «ዘኒ እንዳትሰማ። ነገ ማለዳ ዘመድ ሰብስቤ አፓርትመንቷ መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ ስልኳን ብቻ ያዝልኝ።»

ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «መርዶ በማለዳ ነው፣ ዘመድ ባለበት። የወንድሟ ቃል ይከበር» አሉ። እኔም ልክ ነው አልኩ። ሁለት ዓመት የለፋንበት መሆኑን፣ አዳራሹም መሙላቱን ማናችንም አላነሳንም። ግን ሁለታችንም እያሰብነው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ወንድሟ «አትንገራት» ሲለኝ ትርኢቱ አለመሰረዙ በልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር። ዛሬ በጣም የማፍረው በዚህ ነው።

ስልኳን ከዘንቢሉ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት።

መድረክ ላይ ተጋደምኩ፤ ነጠላውን አለበሱኝ። ዘነበች ደረቷን እየደቃች መጣችና ያንን ዜማ ጀመረች። ሕዝቡ ይስቃል። እኔ ከነጠላው ስር «ደህና አድርገህ ሙት» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ፤ መያዝ አቃተኝና አለቀስኩ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሕዝብ ሬሳው ሳቁን መቆጣጠር ያቃተው መስሎት በሳቅ ፈረሰ። በቲያትሩ ላይ ሚስትየዋ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ታየኛለች። ዘነበች ገለጠችው። እንባዬን አይታ ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው።

ከመጋረጃው ኋላ መጥታ ክንዴን መታ አደረገችኝ። «እንባህ እስኪፈስ ትስቃለህ? ልታስቀኝ ነበር እኮ! የተቀረጸውን ቪዲዮ ለእማዬ እልክላታለሁ። ስልኬን ስጠኝ እስቲ።»

«ባትሪው አልቆ መኪናዬ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። ነገ አመጣልሻለሁ።»

«እሺ» አለች። አልተጠራጠረችኝም። ስልኳ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጭኔን ይነካኝ ነበር።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ወንድሟ፣ ጥቂት ዘመዶች፣ ጋሽ ታደሰና እኔ በሯን አንኳኳን። በዚያ ሰዓት ተሰብስበን ስታየን ምንም መናገር አላስፈለገንም። የሆነውን አልዘረዝረውም፤ መርዶ የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል።

ትንሽ ረጋ ስትል «መቼ ነው የምትቀበረው?» አለች።

የቀብሩን ሰዓት የሚያውቀው ወንድሟ ሰዓቱን አየ። ያን ጊዜ ነው ለሁላችንም የገባን። እዚህ ሲነጋ እዚያ ቀትር አልፏል።

«ተቀብራለች፣ ዘኒ» አላት። «አሁን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት።»

ዘነበች ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች። ስልኳን ሰጠኋት። ስትከፍተው የእህቷ ጥሪ ተደርድሯል፤ እህቷ፣ ወንድማቸው ለዘነበች የነገራት መስሏት ኖሯል። መልእክትም ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «እማዬ ሳትገነዝ ደውዪልኝ፣ ፊቷን ላሳይሽ። ቀብሩንም ስልኩን ይዤ አሳይሻለሁ።»

ስታነበው አላለቀሰችም። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «እዚህ ሆነን ያለን ቀብር እኮ ይሄ ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ውጭ አንድም ቃል አላናገረችኝም።

ሐዘን ላይ ወንበር ተሸከምኩ፣ ውሃ አመላለስኩ። አየችኝ፤ ግን እንዳላየች ሆና አለፈችኝ። ወንድሟም ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ከበደው። እስከ አርባው ድረስ እንዲሁ ሆነ።

ሁለተኛው ትርኢት አሌክሳንድሪያ ነበር፤ ከአርባው በኋላ። ጋሽ ታደሰ ሊሰርዙት ወስነው ነበር። ዘነበች ናት «አይሰረዝም፤ ዜማው የእማዬ ነው» ያለቻቸው።

የዚያን ቀን ጥቁር ለብሳ መጣች። ዘንቢሉን ይዤ ስዞር ስልኳን ዘንቢሉ ውስጥ አልጣለችም። እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ድምፁን አታጥፋው። ከተደወለ ተነስተህ ስጠኝ።»

«ሙሾው መሀል ቢሆንስ?»

«ሙሾው መሀል ቢሆንም።»

ከነጠላው ስር ስልኳን ደረቴ ላይ በሁለት እጄ ይዤ ተጋደምኩ። ዘነበች ጀመረች። ጓዳው የሚለው ስንኝ ላይ ሕዝቡ ሳቀ፤ ሽሮው ላይ ጥቂቶቹ ብቻ ሳቁ። ከዚያ ግን ቃሉን ትታ ዜማውን ብቻ ይዛ ቀጠለች። ዮናስም ኪቦርዱን አቆመ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። አብዛኛው ሰው ምክንያቱን አያውቅም ነበር።

ይቅር ብላኝ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኋትም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም። ዛሬ ግን ማንም «አትንገራት» ቢለኝ እንቢ እላለሁ። ባህሉን ንቄ አይደለም። እኔ ያን ቅዳሜ ለእሷ አሰብኩላት እንጂ እሷ ምን እንደምትፈልግ አላሰብኩም።

ስልኩ አልጠራም። እስከ መጨረሻው አልተንቀጠቀጥኩም። እማማ እንዳዘዙኝ ደህና አድርጌ ሞትኩ።