ከአንድ ቤት አንድ ስም

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ማንኛውንም ቅጽ የምሞላው እየፈራሁ፣ ሦስት ጊዜ እያነበብኩ ነው። ባለቤቴ ዲቪ ሲሞላ አጠገቡ ተቀምጬ የስሙን ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳከርኩት እኔ ነኝ። ማረጋገጫ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀትም በላስቲክ ጠቅልዬ ስኳር ጣሳ ውስጥ አቆይቼዋለሁ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የገባነው በእሱ ነው እያልኩ እስከ ዛሬ እኩራራለሁ።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት የካርድ ፍቅር ያዛት። የአውሬ ሥዕል ያለባቸው፣ ልጆች የሚሰበስቧቸውና የሚለዋወጧቸው ካርዶች ናቸው። አዲስ ሳጥን በኢንተርኔት ሊሸጥ ነው በተባለ ቁጥር ስልኬን ይዘን እንጠብቃለን። እኔ አድራሻችንን ደግሜ ሳጣራ "አልቋል" ይላል።

"ማሚ፣ ዩ አር ሶ ስሎው!" ትለኛለች፣ እንባዋ ቀርቦ።

የሚቀድመን ሰው አልነበረም። ቦት የሚሉት፣ ዕቃው እንደወጣ በሰው ፈንታ የሚገዛ ፕሮግራም ነው። አንዱ ቦት ደግሞ እኛው ቤት ነበር። አብሮን የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘን ሥራው ሲመለስ ላፕቶፑን ከፍቶ ሳጥኖች ያስገዛና አትርፎ ይሸጣል። ለልጄም አንድ ሊሰጣት ቢል እምቢ አለች። ክፍላቸው ውስጥ ቦት የገዛውን ካርድ ላይለዋወጡ ተማምለዋል።

በዚህ ዓመት ኢስተን የገበያ ማዕከል ያለ አንድ መጫወቻ ሱቅ ቦቶቹ ቢያስመርሩት የካርዶቹን ሳጥን ዕጣ ለወጣለት ብቻ ሊሸጥ ወሰነ። ልጄ ደንቡን በእንግሊዝኛ እያነበበች አስረዳችኝ። ከአንድ ቤት አንድ ስም ብቻ ይመዘገባል፤ ሁለት ከተገኘ ሁሉም ይሰረዛል።

"ይሄማ ዲቪ ነው!" አልኩ። ይህንን አውቃለሁ። ስሟን ፊደል በፊደል ሞላን፤ የምዝገባ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ስኳር ጣሳው ውስጥ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ምሳ ላይ የባለቤቴ ወንድም እየሳቀ፣ "እትዬ፣ ለዚያ ዕጣ ስልሳ ስም አስገባሁ እኮ" አለኝ።

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። "በየትኛው አድራሻ?"

"በቤታችን ነዋ!"

"ስልሳ ሰው በሁለት መኝታ ቤት? የልጄን ስም ልታሰርዝብኝ ነው!"

"እትዬ ደግሞ! ማን ያየዋል?"

"ቦት ያስመረረው ሰው ያየዋል።"

ልጄ እንጀራውን ገፋ አደረገች። ዓይኑን ዓይኑን አየችው። እሱም ያንን አልቻለውም።

"እሺ፣ እሺ፣ እንደዚህ አትዪኝ" ብሎ ላፕቶፑን አመጣ። ቦቱ ለካ ማስገባት እንጂ መሰረዝ አያውቅም። ስልሳውን በገዛ እጁ አንድ በአንድ ሲሰርዝ አጠገቡ ተቀምጬ ቆጠርኩ።

"ጨረስኩ!" አለ።

"ሃምሳ ዘጠኝ ነው።"

"የራሴን ስም እንኳ አትተዪልኝም?"

"የራስህንም።"

ሳምንት ሳይሞላ "እንኳን ደስ ያለዎት" የሚል ኢሜይል መጣ። ባለቤቴ፣ "ሌቦች ናቸው፣ እንዳትነኪው" አለ። እኔም ፈራሁ። ግን ወረቀቱን ከጣሳው አውጥቼ ቁጥሩን አመሳከርኩ። የመጀመሪያው ገጠመ፣ ሁለተኛው ገጠመ፣ እስከ መጨረሻው ገጠመ። የልጄን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም ራሱ ነድቶ ወደ ሱቁ ወሰደን። አንድ ሰዓት ቀድመን ደርሰን በር ላይ ቆምን። ሻጩ ስሟንና ቁጥሯን አይቶ፣ ዋጋውን ከእኔ ተቀብሎ ሳጥኑን ሰጣት። መኪናው ውስጥ ስትከፍተው አጎቷ ከመሪው ዞሮ፣ "አንዷን ብቻ ልያት" ብሎ ለመናት።

"መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!" አለችው። ጥንቃቄዋ ከእኔ ነው።

ቤት ስንገባ ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሳወጣ አየችኝ። "ማሚ፣ አሁን ጣዪው።"

"መልሱ ቢሉንስ?"

ሦስታችንም ሳቅን። ወረቀቱ ግን አሁንም ስኳር ጣሳው ውስጥ ነው።