ለሁለት ጌታ ያደረ ሐዲድ

በደርግ ጊዜ እሑድ እሑድ፣ ከላፍቶ በስተደቡብ ርቆ ካለው የመብራት ግድብ ዳር ለስላሳ፣ ቢራና የተጠበሰ ዓሣ እሸጥ ነበር። ቤታችን ላፍቶ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሁለት አህያ ጭነን ጎህ ሲቀድ እንወጣና ፀሐይ ሳትከር ግድቡ ጋ እንደርሳለን። እኔ እሸጣለሁ፣ እሱ ይጠብሳል። ግድቡ ለከተማው መብራት ይልካል፤ ከሥሩ ያሉት ገበሬዎች ኩራዝ ያበራሉ። ማንም እንደ ነውር አያየውም ነበር። ላም የሚጠብቅ ሁሉ ወተት አይጠጣም።

የከተማ ሰው ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን እንኳ ከመዝናናት አይቀርም። በቮልስዋገን ተጠቅጥቆ ይመጣል፣ ሣሩ ላይ ያነጥፋል፣ ይዋኛል። ዳር ላይ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ዋናተኞቹ ሱሪያቸውን የሚሰቅሉት እሱ ላይ ነበር። የግድቡ ግንብ አርጅቷል፤ ወገቡ አካባቢ እንደ ላብ ያንጠባጥባል። ሳይረን ነበረው ይባላል፤ እኔ ስደርስ ግን ከንጉሡ ጋር አብሮ ወርዶ ነበር።

በሳይረኑ ፋንታ አንድ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ግንቡ አናት ላይ ተንጠልጥሏል። ውሃ ሊለቀቅ ሲል የግድቡ ዘበኛ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ቁጡ ሽማግሌ፣ ሐዲዱን በመዶሻ ይቀጠቅጡታል። ከግንቡ ሥር፣ ገደሉ ውስጥ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ ከብት ያለውም ከብቱን ይነዳል። አባባ የመጨረሻዋ ሴት አፋፍ እስክትደርስ ቆመው እየተሳደቡ ያያሉ። ከዚያ መዘውሩን ያዞሩታል፤ የብረቱ በር ይነሳል፣ ውሃው ይወርዳል። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነበር።

ሕጉን ያበላሸው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ሰውን ለስብሰባ ቤት ለቤት መጥራት ሲታክተው ሩቅ የሚሰማ ነገር ፈለገና ሐዲዱን አገኘ። የሕዝብ ንብረት ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ ለውሃም ለስብሰባም ይመታ ጀመር። አባባ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ለስብሰባው ጥሩንባ ቢያስነፉስ?» ቢሉት «ጥሩንባ የፊውዳል ነው» ብሎ አሳረፋቸው።

ስብሰባ ብቻ ቢሆን በተሻለን። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። አንድ እሑድ ሐዲዱ ሲመታ ሰው ስብሰባ መስሎት ወጣ፤ ታጣቂዎች ከበቡትና ጎረምሳ ጎረምሳውን እየለቀሙ ጭነት መኪና ላይ ወረወሩት። አንዲት እናት የመኪናውን ጠርዝ ይዛ አልለቅም አለች። ታጣቂው ጣቶቿን በሰደፍ መታቸው። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ስትለቅ አጥንቱ ይታይ ነበር፤ እሷ ግን የምትጮኸው የልጇን ስም ነው። ወንድሜ የዚያን ቀን የተረፈው ዓሣ ሊገዛ ማዶ ተሻግሮ ስለነበረ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው ጎረምሳ ሁሉ አንድ ዘዴ ተማረ፤ ሐዲድ ሲመታ ወደ ገደሉ መሮጥ። ከግንቡ ሥር፣ ከቋጥኞቹ መሐል፣ ሰው የሚደብቅ ዋሻ ቢጤ አለ። ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ ታጣቂ ደፍሮ አይወርድም። ወንድሜም ለመደው።

«ለውሃ የተመታ እንደሆነስ?» አልኩት አንድ ቀን ዓሣ ሲልጥ።

«በበጋ ምን ውሃ አለ ጋሼ?»

«ዝናብ አንተን አስፈቅዶ ነው የሚመጣው?»

«ውሃ እንኳ አንዱን ሲወስድ አንዱን ይተዋል። በዚያ መኪና ከሄዱት ማን ተመለሰ? ይልቅ ቢራህን ሽጥ።»

ቢራዬን ሸጥኩ።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ነው። ግድቡ ዳር ሰው እንደ ገበያ ሞልቷል። እኛ ጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በከተማው በኩል፣ ወደ እንጦጦ፣ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሊቀመንበሩ ሁለት ታጣቂዎቹን ይዞ እኔ ዳስ ሥር ዓሣ እየበላ ነበር። ከላይ ያሉት ኮታውን ስላላሟላ እንደሚያስፈራሩት ለታጣቂዎቹ ሲያማርር፣ እኔ ጠርሙስ እየጠረግሁ እሰማለሁ። ነጋዴ ሲጠርግ ጆሮው ሥራ አይፈታም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግድቡ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ መልኩን ለወጠ። ጭቃ፣ ግንድ፣ የተነፋ የፍየል ሬሳ ይዞ መጣ። ምንጣፍ የተነጠፈበት ሣር ረጠበና የከተማው ሰው እየሳቀ ወደ ላይ ሸሸ። ግንቡ ግን አይስቅም፤ ያንጠባጥብ የነበረው አሁን ይተፋል። አባባ ጎንበስ ብለው አዩት፣ መዶሻቸውን አነሱ፣ ሐዲዱን ቀጠቀጡት።

ቀና ስል ወንድሜ መጥበሻው ጋ የለም። ዘይቱ ብቻውን ይንጫጫል።

ገደሉ አፋፍ ደርሼ ወደ ታች አየሁ። ሴቶቹ እርጥብ ልብስ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ወንድሜና ሌሎች ጎረምሶች በዚያው መንገድ እየተጋፏቸው ይወርዳሉ። አንዷ የአንዱን እጀታ ይዛ «ውሃ ነው! ውሃ ነው እኮ!» ትላለች።

«አዎ እትዬ፣ ባለጠመንጃ ውሃ!» አላትና እጁን መንጭቆ ወረደ። የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነበር።

ወደ አባባ ሮጥኩ። «አባባ ይቆዩ! ልጆች ወርደዋል!»

«ምን ሊያደርጉ?» አሉ፤ ወዲያው ገባቸውና ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ብቆይ ግንቡ ይቆያል ብለህ ነው? እሱ ከሄደ ከታች ያለው መንደር አብሮ ነው የሚሄድ። አስወጣቸው! ሩጥ!»

ንግግራቸውን አልጨረሱም። ሊቀመንበሩ እጁ ዓሣ እንደተለቀለቀ ከታጣቂዎቹ ጋር ደርሷል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ማን አዞህ ነው የደወልከው? ጎረምሶቹ ነቅተው እንዲያመልጡ ነው?»

«ውሃ...» አሉ አባባ።

አንደኛው ታጣቂ በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ሲወድቁ ጥርሳቸው ሲሚንቶው ላይ ጠጠር ሆኖ ተንከባለለ። ሁለተኛው በጫማ ጎናቸውን ይረግጣል፤ በእያንዳንዱ እርግጫ ከአፋቸው ደም ከ«ውሃ» ጋር ይወጣል። ሊቀመንበሩ ይህን እያየ ምግብ እንደጣመው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግንቡን አቅፌ ወደ ታች ጮኽሁ።

«ውጡ! የእውነት ውሃ ነው! እኔ ነኝ!»

የወንድሜ ድምፅ ከቋጥኞቹ መሐል መጣ። «አጠገብህ ማን አለ?»

«ማንም!»

«ጠመንጃው ታዲያ በራሱ ቆሞ ነው?»

ታጣቂው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። በወንድሜ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም። አንደበቴ ዋጋ አጣ። ልጆቹ በዚያ ሰዓት የሚያምኑት አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገባኝ፤ ጥይት። ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ኮታዎ አልሞላም አይደል?»

«ምን አገባህ?»

«ጎረምሶቹ ከዚህ በታች ናቸው። ከዚህኛው አፋፍ ቋጥኙ ላይ ያስተኩሱ፤ ወደ ማዶ ይወጣሉ። ማዶ ሰው ልከው ይቀበሏቸው። ግን አሁኑኑ። ውሃው ከቀደመዎ ሬሳ ነው የሚያስረክቡት፤ ሬሳ ደግሞ አይዘምትም።»

አየኝና ሳቀ። «ያንተስ ወንድም እዚያ አይደለም እንዴ?»

«እሱም አለበት።»

«ነጋዴ!» አለ፤ ስድብ መሆኑ ነው። ወዲያው ማዶ ወዳሉት ታጣቂዎቹ መልእክተኛ ሰደደና ወደ ቋጥኙ በጣቱ ጠቆመ።

ተኮሱ። ጥይቱ ድንጋዩን እየላጠ፣ የድንጋዩ ስባሪ እንደ ምላጭ እየበረረ፣ ገደሉ በጩኸት ተሞላ። ጎረምሶቹ ከዋሻው ፈንድተው ወጡና በማዶው ተረተር በአራት እግር መቧጠጥ ጀመሩ። ወንድሜን በሸሚዙ ለየሁት። ታጣቂዎቹ ከቋጥኙ አፈሙዛቸውን ከፍ አድርገው ሰው ላይ ሲያነጣጥሩ አየሁና የአንዱን ክንድ መታሁ፤ በሰደፍ ደረቴን ብሎ አስቀመጠኝ። ቀና ስል ወንድሜ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ በአንድ እጁ ይወጣል፤ ከኋላው ድንጋዩ ቀይ ነው።

አባባ በዚህ መሐል በሆዳቸው እየተሳቡ መዘውሩ ጋ ደርሰዋል። ያስቆማቸው የለም፤ ሁሉም ዓይኑ አደኑ ላይ ነው። በሩ ሲነሳ ግንቡ ከእግሬ በታች ተንቀጠቀጠ። ውሃው ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ወርዶ ዋሻውን በአንድ ጉርሻ ዋጠው። ወንድሜ ከውሃው በላይ ነበር።

ጓደኛው ግን ከዋሻው አልወጣም ነበር። በማግስቱ ከታች፣ ከብት ከሚጠጣበት፣ ገበሬዎች አገኙት።

የተረፉትን ማዶ ላይ ጠብቀው የፊጥኝ አስረው ጫኗቸው። መኪናው በአጠገቤ ሲያልፍ ወንድሜ አየኝ። አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማሠልጠኛው ሐኪም የእጁን ጨርቅ ፈትቶ ቢያይ፣ ጠቋሚና መሐል ጣቱ የሉም። ቃታ የማይስብ ወታደር ምን ያደርግላቸዋል? ሰድበው አባረሩት። በእግሩም በጭነት መኪናም እየሆነ ላፍቶ ገባ፤ ከስቶ፣ እጁ በቆሸሸ ፋሻ ተጠቅልሎ። በሩ ላይ ቆመ።

«እሱስ?» አለኝ።

ስለ ጓደኛው እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። «ቀበሩት» አልኩ።

«ሊወጣ ነበር። አጠገቤ ነበር። ጥይቱ ከፊቱ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ነው ወደ ውስጥ የተመለሰው። ያስተኮስከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እዚያ ገደል ውስጥ አንድ ወንድም ነበረኝ። ጮኼ እምቢ አለኝ።»

በግራ እጁ መታኝ። ግራኝ አይደለም፤ ግን ጥሩ አድርጎ ነው የመታኝ፣ ከንፈሬ ተተረተረ። ደገመኝ። ሦስተኛውን ሰንዝሮ ሳተኝና በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። ቁስሉ ይሸታል፤ ከተቀመጥኩበት ይሸተኛል።

«አሁንም ያው ቢመጣ ታስተኩሳለህ?» አለኝ።

«አስተኩሳለሁ።»

የተጠቀለለውን እጁን ዘረጋልኝ። «ተጣብቋል። ፍታልኝ።»

ውሃ አሙቄ ጨው በተንኩበት። ፋሻው ከሥጋው ጋር ሲላቀቅ እናቴን ጠርቶ ሰደበኝ፤ የእሱም እናት መሆኗን ረስቶታል። ተሳደብ አልኩት፣ ያዘኝ ብቻ። በደኅናው እጁ ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ሌላ ጨው ጨመርኩ።