የቴፒን ድርሻ የደፋሁት እኔ ነኝ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ብነግራቸውስ «ሪፕሊኬሽን ስሎት ሰርዤ ዝም አልኩ» የሚለውን ከየትኛው ኃጢአት ይመድቡልኝ ነበር? ተቀምጬ መጻፍም አልሆነልኝም። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

ሚዛን ተፈሪ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። የሕመምተኞች መዝገብ ያለበት ዋናው ዳታቤዝ እኔ ዘንድ ነው፤ ቴፒ ያለው ቅርንጫፋችን የሚያነበው ቅጂውን ነው። እኛ ጋ የተጻፈውን ለውጥ ሁሉ ቴፒ እስኪወስደው የሚያቆየው ያ ስሎት ነው፤ ላልመጣ ሰው ምሳው ተከድኖ እንደሚቆየው።

ክረምት ላይ የቴፒ የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠ። ወሳጅ ያጣው ተከማችቶ የዋናው ሰርቨር ዲስክ ሊሞላ ደረሰ። ቢሞላ ሚዛንም ሥራ ያቆም ነበር፤ ስለዚህ ስሎቱን ሰረዝኩት። መሰረዜ ጥፋት አልነበረም። ስሎቱ ከተሰረዘ ግን ቴፒ ያመለጠውን መልሶ አያገኝም፤ ቅጂው እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ይህን አውቃለሁ። እስኪሠራ ድረስም ደውዬ «አትመኑት፣ አሮጌ ነው» ማለት ነበረብኝ። አንድ ስልክ! እኔ ግን ሸዋ ቤንች ሰርግ ነበረብኝ፤ «ሰኞ እደርስበታለሁ» ብዬ ሄድኩ። ሰኞም ረሳሁት። ረሳሁት ልበል ወይስ ሰነፍኩ? ሰነፍኩ።

መስመሩ ሲመለስ የቴፒ ኮምፒውተር የድሮውን መዝገብ እንደ ደህና ያሳይ ጀመር። በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ቡና ገበሬ እዚያ ሄደው ታከሙ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው እኛ የጻፍነው መስመሩ ተቋርጦ ሳለ ነበር። ነርሷ ሲስተር አስቴር የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ካለ ሚዛን ጽፈውታል» አሏት። መዝገቡን አየች፤ ምንም የለም። ወጋቻቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው ወደቁ፤ እግዜር አተረፋቸው።

በማግስቱ ሚዛን ላይ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ሆዬ ጠዋት ማልጄ ቅጂውን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ማንም አላየኝም። አስቴር «መዝገቡ ላይ አልነበረም» አለች። የቴፒው ቅጂ ተከፍቶ ሲታይ አለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተሙ ደህና ነው» አልኩ። በዚያ ሰዓት ደህና ነበራ! ዋሸሁ ወይስ አልዋሸሁም? ዋሸሁ። አስቴር ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየችኝ። ከሥራ አሰናበቷት።

እስከዚህ ያለውን ትናንት ማሻ፣ ወላጆቿ ቤት ላለችው ለአስቴር ላክሁላት። መለሰችልኝ፦ «ይህን የምፈልገው ስብሰባው ላይ ነበር።»

ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ አንባቢዬ፣ አንተንም አልጠይቅህም። ያንተ ምሕረት ለእሷ ምን ይሠራላታል? እኔ መናገር ያለብኝ በዋሸሁበት ክፍል፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ ያንኑ ስብሰባ እንደገና እንዲጠሩልኝ እለምናቸዋለሁ። ይህን የመጨረሻ መስመር የምጽፈው የቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ነው።