ለጸሎት የተሰጠ ቁልፍ

ቁልፉን ጨብጦ ሲጸልይ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ልጄ ጨፍናለች። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሁለቱ ሴቶችም ጨፍነዋል። እኔ የማየው ጣቶቹን ነበር።

የቆምነው ናይሮቢ ሩንዳ ሰፈር ውስጥ ልጄ በተከራየችው ቤት ግቢ ነው። መኪናው ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ መሃላችን ቆሟል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መኪና የገዛ ሰው ቁልፉን ለሽማግሌ ይሰጣል። ሽማግሌው ቁልፉን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ግራ እጁን ወደ ሞተሩ ዘርግቶ ይጸልያል፤ አሜን ሲባል ቁልፉ ለባለቤቱ ይመለሳል። የዘንድሮ ቁልፍ ጥርስ እንኳ የለውም፣ ጥቁር የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ቢሆንም ይጸለይበታል።

ሽማግሌው የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ለራሴ ስለሆነ አልለውም።

አሜን እንደተባለ እጄን ዘረጋሁ።

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ኧረ ዋርሳዬ! አሜኑን እንኳ ሳትጨርሺው!» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ቁልፉን ለልጄ ሰጣት። መኪናው የእሷ ነውና ምንም ማለት አልቻልኩም።

እጄን ለምን እንደዘረጋሁ ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሱም ማወቁን እጠራጠራለሁ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እኛ ሰፈር ኢስትሊ ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም እናቀርብ ነበር። አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረችን። የምነዳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ የናይሮቢን አደባባይ ይፈራ ነበር፤ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ከግራም ከቀኝም ሲገቡበት መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ይህን ለማንም አላወራሁበትም። ሰፈራችን ጫፍ ስንደርስ አቆምና ቦታ እንለዋወጣለን። እሱ መሪውን ይዞ ጥሩምባ እየነፋ ይገባል፣ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሰፈሩ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነበር።

ሲሞት ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞላ። ይህ ወንድሙ ተነሣና «የወንድሜን መኪና ቁልፍ አምጡልኝ፤ ለቤቱ የተረፈውን ጌታ እንዲባርክ ልጸልይበት» አለ። ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ረጅም ጸሎት ጸለየ፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ አሜን አልን። ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

አየሁት። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀምጬ ቁልፌን ይመልሱ ልበል? ረስቶት ነው፣ ነገ ይመልሰዋል አልኩ። በማግስቱ ጎማ ላሳይ ብሎ መኪናዋን ወሰዳት። እሑድ መዘምራን ጭና አየኋት። የአገልግሎት መኪና ሆናለች ተባለ። ለአገልግሎት የተሰጠን ነገር ማን መልሱ ይላል? እኔ ሽንኩርቴን በኪራይ ጋሪ እያስገፋሁ፣ ከጋሪው ኋላ በጭቃ እየሄድኩ ልጄን አሳደግሁ።

እሱ ግን ልጄን በየጠዋቱ በዚያችው ፒክአፕ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። አልክድም። ዛሬ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባሉበት በጊጊሪ ቢሮ ያላት፣ ሰው የሚያከብራት ሴት ሆና «አጎቴ ባይኖር በእግሬ እየሄድኩ ነበር የምማረው» ትላለች፤ በምስክርነት ሰዓት ማይክራፎን ይዛ ሳይቀር ብላዋለች። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። የማን መኪና እንደነበረች አልነገርኳትም። በዚህ አገር ከእኔ ሌላ የነበራት ዘመድ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ላሳጣት አልፈለግሁም።

አሁን መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ አገር መድቧታል። መኪናውን በገዛች በጥቂት ወሩ ነው ምደባው የመጣው፤ ጸሎቱም ዛሬ ነገ ሲባል ቆይቶ መሄጃዋ ሲደርስ ተደረገ። «መኪናው ላንቺ ነው ማሚ» ብላኝ ነበር። መንጃ ፈቃዴን አሳደስኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ሩንዳ ውስጥ ባሉት ጸጥ ያሉ መንገዶች ተለማመድኩበት።

መኪናው ግራጫ ነው፤ ከቤት አውቶሞቢል ከፍ፣ ከጂፕ ዝቅ ያለ። ጃፓን ተነድቶ በሞምባሳ የገባ ነው። ሞተሩ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው፣ ግን ቱርቦ አለው። ቱርቦው በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ናይሮቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሌላው ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ ሲያቃስት ይሄኛው አያቃስትም። አንድ ጠባይ ብቻ አለው። ነዳጁን ስትረግጪው ወዲያው አይመልስልሽም። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላል፣ ከዚያ ጀርባሽን ከወንበሩ አጣብቆ ይወረወራል። ያን ዝምታ ያላወቀ ሰው ሊነዳው አይገባም። እኔ በሁለተኛው ቅዳሜ አውቄዋለሁ። በስተርጅናዬ እንዲህ ያለ ነገር እጄ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለማንም ባልናገርም።

ጸሎቱ ባለቀ ጊዜ ልጄ ለስንብት ምሳ ናይቫሻ ወሰደችን፣ እሱንና እኔን። የፊት ወንበር እንደ ልማዱ የእሱ ሆነ። ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን። ስንመለስ ማይ ማሂዩ ዳገት ሥር ስንደርስ፦

«ይሄ ዳገት ለሴት አይሆንም። አምጪው» አላት።

«አጎቴ ደግሞ!» አለች እየሳቀች። አቁማ ግን ወረደችና ሰጠችው። እሷ ከጎኑ ተቀመጠች፣ እኔ ኋላ ነበርኩ።

የናፍጣ መኪና እንደሚነዳ አድርጎ ነዳው። ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ጭራ ላይ ተለጠፈ፣ ከዚያ በድንገት ወደ ቀኝ ወጥቶ፣ በዚህ አገር የሚነዳው በግራ ነውና፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናው ዝም አለ። እሱ ደነገጠና እግሩን አነሣ፤ እንደገና ረገጠ፣ እንደገና ዝም አለ። ከላይ ማታቱ መብራቱን እያብለጨለጨ ይወርዳል። በቀኛችን ገደል ነው። ከዚያ ቱርቦው ያዘና ተወረወርን፤ ከተሳቢው አፍንጫና ከማታቱው መካከል እንዴት እንደገባን አላውቅም። የማታቱው ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ የሰደበን ስድብ እስከ ላይ ተከተለን።

«ኢየሱስ! ኢየሱስ!» ትላለች ልጄ።

«መኪናው ነው! አይታዘዝም!» አለ እሱ።

«ያቁሙ» አልኩት። መንገዱ ሰፋ ካለበት ዳር ያዘ። «ይውረዱ።»

ወረደ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ልጄ ወደ ኋላ ሄደች፣ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እኔ መሪውን ያዝኩ። ቀድሜ በስሱ እረግጣለሁ፣ ዝምታውን ከተሳቢው ኋላ ሆኜ እጨርሰዋለሁ፣ መንገዱ ሲከፈት ግፊቱ ዝግጁ ነው። አንዱን አለፍኩ። ሌላውን አለፍኩ። መኪናው ሜዳ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ላቡን ከጠረገ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ ያወራት ጀመር።

«አንቺ ስትሄጂ መኪናው የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይቁም። ዘበኛ አለ። እናትሽ መውጣት ስትፈልግ ትደውልልኛለች፣ የሚያደርሳት አይጠፋም። ለአገልግሎትም ይጠቅማል።»

ልጄም «ማሚ፣ አይሻልም? ኢስትሊ ፓርኪንግ የታለ?» አለች።

እግሬ ነዳጁ ላይ ጠነከረ። ከፊታችን ሁለት ተሳቢዎች ተከታትለው ይሄዳሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ ወጣሁ።

«ማሚ! ፖሌ ፖሌ! ቀስ በይ! ኩርባ ነው!»

«ይታየኛል።»

«ዋርሳዬ፣ በጌታ!» እጁ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ጨብጧል።

አልፌ ወደ መስመሬ ገባሁ። ከዚያ ነው ከአፌ የወጣው።

«ፒክአፗ የእኔ ነበረች።»

«የትኛዋ ፒክአፕ?» አለች ልጄ።

«ትምህርት ቤት የሄድሽባት። ለጸሎት ብለው ቁልፏን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት።»

«የወንድሜ መኪና ነበረች!» አለ።

«ማን ነበር የሚነዳት?»

«ወንድሜ ነዋ! ስንት ጊዜ እየነዳ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

«ያዩት ከሰፈሩ ጫፍ እስከ በራችን ነው። ከዚያ በፊት እኔ ነበርኩ።»

ዞሮ እጆቼን አያቸው፣ መሪው ላይ ያሉትን። የወንድሙን ምስጢር እንዲህ አውጥቼ መስጠቴ ያንገበግበኛል፤ ሟቹን ነው እንጂ ይሄን ሰው አይደለም ያዋረድኩት። ግን ሌላ የማስረዳበት መንገድ አልነበረኝም።

«ታዲያ ለምን መልሱልኝ አላልሽም?» አለች ልጄ።

«ለቅሶ ቤት? ከጸሎት ላይ? ይባላል?»

«አዎ ይባላል ማሚ! ዋይ ኖት? በማግስቱስ? በሚቀጥለው ዓመትስ?»

ይህን የምትለኝ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። በእኔ ላይ የጮኸችውን ሩቡን እንኳ በእሱ ላይ አልጮኸችም።

ሩንዳ ግቢው ገብተን ቆምን። ቱርቦ ከደከመ በኋላ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፤ ትንሽ በዝግታ እየሠራ መብረድ አለበት። ሦስታችንም ቀበቷችንን ሳንፈታ ተቀምጠን እስኪበርድ ጠበቅን። ሳጠፋው ልጄ ከኋላ እጇን ሰዳ ቁልፉን ከመሃል ማስቀመጫው አነሣች።

«እሸጠዋለሁ» አለች። «አንቺ እንዳሁኑ እንድትነጂው አልፈልግም። እሳቸውም እንዲወስዱት አልፈልግም።»

እሳቸው አለች። አጎቴ አላለችም። ያን ሰምቻለሁ።

የገዙት የቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ልጄ ልትሄድ ሻንጣዋን እየዘጋች ሳለ ሊረከቡ መጡ፤ እንደ ወጉም እንዲጸልይላቸው ሽማግሌውን ይዘውት መጡ። ግቢው ውስጥ ቆምን፣ ኮፈኑ ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሣ። ቁልፉን ሰጡት።

ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቀና ስል እሱም አልጨፈነም። እየጸለየ ያየኛል። ጸሎቱ አጭር ነበር፤ እንደዚያ አጭር ሲጸልይ ሰምቼው አላውቅም።

አሜን አልን። ተጋቢዎቹ ፊቱ ቆመው ሳለ አልፏቸው ሦስት እርምጃ ያህል መጣና ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጋው።

«እንቺ» አለ።

ሙሽራውና ሚስቱ ተያዩ። ልጄ በረንዳው ላይ ቆማ ታያለች። ምን እንደሚጠብቅ ገብቶኛል፤ ምንም አይደለም እንድለው ነው። አላልኩትም። የፕላስቲኩ ቁራጭ ከእጁ ሞቆ ነበር። ተቀበልኩት፣ ጥቂት ያዝኩት፣ ከዚያ ለሙሽራዋ ሰጠኋት።

«ስትረግጪው ትንሽ ዝም ይላል» አልኳት። «አትደንግጪ፣ እግርሽን አታንሺ።»

ወደ ኢስትሊ የተመለስኩት በማታቱ ነው።